አባዬ ያላለው ቃል

በካውያ የሚተኮስ እርጥብ ጨርቅ በሸተተኝ ቁጥር፣ ሱወይዲ ሰፈር የነበረችው የአባዬ የልብስ ስፌት ሱቅ ትመጣብኛለች። አባዬ የወሎ ሰው ነው፤ ሪያድ ውስጥ ጀለቢያ እየሰፋ አራት ልጆች ያሳድግ ነበር። እኛ እዚሁ ተወልደን እዚሁ ስለተማርን ከአማርኛው ይልቅ ዐረብኛው ይቀናን ነበር፣ እሱ ግን ከትከሻና ከእጅጌ ልክ ያለፈ ዐረብኛ አልነበረውም።

አንድ ዓመት፣ ሙቀቱ በበረታበት ወር፣ የሁላችንም ኢቃማ በአንድ ላይ ሊያልቅ ሲል አባዬ የመኖሪያ ፈቃዳችንን ማሳደሻ ሱቁን ካከራዩት ከአቡ ፋሪስ ተበደረ። አቡ ፋሪስ ጮኸውብን የማያውቁ ለስላሳ ሽማግሌ ነበሩ። ቢሆንም ቤታችን ተለወጠ። እማዬ ጎረቤት መጥራት ተወች፣ ሥጋ የገዛን ቀን ደግሞ «ዕዳ ተሸክመው ይበላሉ እንዳይሉን» እያለች መስኮቱን ትዘጋ ነበር።

ሽማግሌው በየወሩ ሲመጡ መሃል ቆሜ የማስተረጉመው እኔ ነበርኩ። ዐሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። አባዬ አንገቱን ሲደፋ እኔም ሳላስበው እደፋ ነበር።

ብርዱ የገባ ሰሞን አቡ ፋሪስ የልጅ ልጃቸውን ኑራን አስከትለው መጡ። ኑራ ክፍል ውስጥ ከጎኔ የምትቀመጥ ልጅ ነበረች፣ አባቴ ሀብታም ነጋዴ ነው ብዬ ዋሽቻት ነበር። አባዬ መቀሱን አስቀምጦ ተነሳና «ሃያትዬ፣ እግርዎ ላይ ወድቄ እለምንዎታለሁ ይላል በያቸው። እስከ ረመዳን ይታገሱኝ፣ የኢድ ልብስ ስሰፋ ኢንሻአላህ ሁሉንም እከፍላለሁ» አለኝ። ኑራ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። ያ ልመና ከአፌ አልወጣ አለኝና በዐረብኛ «ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሁሉንም እከፍላለሁ ይላል» አልኳቸው።

የሽማግሌው ፊት በራ፤ የአባዬን ትከሻ መታ መታ አድርገው ሄዱ። አባዬ የታገሱት መስሎት ዓይኑ እንባ አቀረረ፣ ቤት ገብቶም «አላህ ዕድሜ ይስጣቸው» እያለ ለእማዬ ደጋግሞ ነገራት። እስከ ዓርብ አምስት ቀን ነበረኝ። በአምስቱም ቀን መናገር እችል ነበር፣ አልተናገርኩም።

ዓርብ፣ ከመስጊድ የወጡ ጎረቤቶች እያዩ፣ አቡ ፋሪስ ሱቁ በር ላይ ቆመው ገንዘባቸውን ጠየቁ።

«ምን እያሉ ነው?» አለኝ አባዬ።

«ዛሬ እከፍላለሁ ብለሃል… ይላሉ።»

ትኩር ብሎ አየኝ። ገባው። ከዚያ በዚያች በተሰባበረች ዐረብኛው «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ቃሌ ነው» አላቸውና የስፌት መኪናውን ከጠረጴዛው ነቀለ። ሽማግሌው ለመቀበል ቢያመነቱም፣ እሱ ራሱ ተሸክሞ መኪናቸው ላይ ጫነላቸው።

ረመዳን ገብቶ ደንበኞቹ የኢድ ጨርቃቸውን ይዘው ሲመጡ ሱቁ ተዘግቶ ነበር፣ አባዬም ጀራዲያ ሰፈር ሰው ስፌት ቤት ተቀጥሮ የልብስ ቁልፍ ይተክል ነበር። የቀረውን ዕዳ ለመጨረስ ሦስት ዓመት ፈጀበት። ለእማዬ «ዐረብኛው አሳሳተኝ» አላት እንጂ ስሜን አላነሳም፣ እኔንም ተቆጥቶኝ አያውቅም። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ አስተርጉሚልኝ ብሎኝ አያውቅም።

ዛሬ የማንም ዕዳ የለብንም። እኔም በአንድ ክሊኒክ ለሐበሻ ታካሚዎች ሳስተረጉም እውላለሁ፣ አንዲት ቃል እንኳ እንዳላጎድል እየፈራሁ። በቀደም እራት በልተን እንደጨረስን የአባዬ ስልክ ላይ የዐረብኛ መልእክት ገባ። አጠገቡ ነበርኩ።

«አባዬ፣ ላንብብልህ?» አልኩት።

«አይ ልጄ፣ አንቺ ስትሠሪ ውለሽ ደክሞሻል» አለኝና ጫማውን አጥልቆ፣ ስልኩን ይዞ፣ ከላይ ፎቅ ያለውን ግብፃዊ ጎረቤታችንን ሊያስነብብ ወጣ።

ልጅ ሳለሁ በእሱና በሰው መካከል መቆም ያሳፍረኝ ነበር፤ ዛሬ አንድ ጊዜ ብቻ እዚያ ቢያቆመኝ እያልኩ እመኛለሁ።