ከስኳር ካርቶን የቆመው ዝሆን

ሚስቴ ሙጫ አትወድም። «ሙጫ የሰነፍ መላ ነው» ትላለች። ብትልም ያምርባታል፤ ካርቶን ፋብሪካ ቆማ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ካርቶን ስታጥፍ የኖረች ሴት ናት። ማሽን መጣና እሷንና ጓደኞቿን በአንድ ቀን አሰናበታቸው። ከዚያ መዋዕለ ሕፃናት በጽዳት ተቀጠረች። እኔ የታክሲ ሹፌር ነኝ፤ ጠዋት አደርሳታለሁ፣ አመሻሽ ላይ አመጣታለሁ። መንገዱን ሙሉ ወሬዋ ካርቶን ነው፣ እግዜር ያሳያችሁ!

ነገሩ የተጀመረው ወላጆቻቸው ዘግይተው በሚወስዷቸው ልጆች ነው። መምህራኑ ሲወጡ ልጆቹ ኮሪደር ላይ እየተነጫነጩ ይቀራሉ። አንድ ቀን ለቅሶው ሲብስባት መወልወያዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ባዶ የጥርስ ሳሙና ካርቶን አነሳች፣ አጠፍ አጠፍ አደረገችና አዞ ሠራችላቸው። አፉ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ለቅሶው እዚያው ላይ አበቃ። ከዚያ ወዲያ የእንቁላሉ ካርቶን ኤሊ፣ የወተቱ ላም፣ የሶፍቱ ቱቦ የቀጭኔ አንገት ሆነ።

ሕጓ አንድ ነው፤ እንስሳው ያለ ሙጫ በገዛ እግሩ መቆም አለበት። ወፍራም ካርቶን ውስጡ መስመር አለው። እግሩ መስመሩን ወደ ታች ይዞ ከተቆረጠ ይሸከማል፤ አግድም ከተቆረጠ ይልፈሰፈሳል። የአምስት ዓመት ልጆች ቁራጩን ወደ መስኮት አንስተው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው መስመሩን ይፈልጋሉ።

ታዲያ አንድ ቀን «ነገ ባዶ ካርቶን ይዛችሁ ኑ» ብላ ላከቻቸው። እግዚኦ! ልጅ ባዶ ካጣ ምን ያደርጋል? ሙሉውን ባዶ ያደርገዋላ! አንዱ መኮሮኒውን አልጋ ላይ ደፍቶ ፓኬቱን ይዞ ከች አለ። ሚጢጢ የሚሏት የአንዲት ነርስ ልጅ ደግሞ ለዝሆኗ ሆድና ጭንቅላት ስትል ስኳሩንም ጨዉንም አንድ ጣሳ ውስጥ ገለበጠችው። ማታ ነርሷ እንግዶቿን ሻይ ጋበዘች። የሆነውን እናንተው ገምቱት።

በማግስቱ ነርሷ ለዳይሬክተሯ ደወለች። ዳይሬክተሯ ሚስቴን ጠርታ «እርስዎ የጽዳት ሠራተኛ ነዎት እንጂ መምህር አይደሉም። ይሄን ቆሻሻ ዛሬውኑ ከክፍሉ ያውጡልኝ፤ ሁለተኛ ከልጆቹ ጋር እንዳላይዎት» አለቻት። ሚስቴ ስልክ ስትደውልልኝ ድምጿ ተሰብሯል። «ሁለት ባዶ ማዳበሪያ ይዘህ ና» አለችኝ። እኔም ጅሉ «ድሮስ ምን አገባሽ? መጥረጊያሽን ይዘሽ አርፈሽ አትቀመጪም ነበር?» አልኳት። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋችው።

ስደርስ መደርደሪያው ከዳር እስከ ዳር እንስሳ ነው። እሷ እያነሳች ታቀብለኛለች፣ እኔ ማዳበሪያ ውስጥ እከታለሁ። ዳይሬክተሯ በሩ ላይ ቆማለች፤ ልጆቹ ጥግ ላይ ኩምሽሽ ብለዋል። በዚህ መሃል ነርሷ ልጇን ልትወስድ፣ በዚያውም የሆዷን ልትናገር ገባች።

«እትዬ፣ ትናንት እኮ በእንግዶቼ ፊት...» ብላ ስትጀምር ሚጢጢ ዘላ ተነሳች። «አባባ! የኔ ዝሆን ነው፣ እንዳትከተው!» ብላ ከእጄ መነጨቀችው። ስትመነጭቀው ሁለት እግሮቹ ወለቁ። «አይዞሽ፣ እኔ ላስገባልሽ» ብዬ ስጠጋ ሚስቴ እጄን መታ አደረገችኝ።

«ተዋት። ታውቅበታለች።»

ልጅቷ ወለሉ ላይ ዘርፈጥ አለች። አንዱን እግር ወደ መስኮቱ አንስታ መስመሩን አየች፣ ገለበጠችው፣ ሆዱ ላይ በተሰነጠቀው ቀዳዳ ገፋ አድርጋ ሰካችው። ሁለተኛው እምቢ አላት። ምላሷን አውጥታ ታገለችው፣ ታገለችው፣ ገባ። ዝሆኑን አቆመችና የእናቷን ወፍራም የኪስ ቦርሳ ተቀብላ ጀርባው ላይ ጫነችው። ንቅንቅ አላለም።

ነርሷ አፏን በእጇ ያዘች። «ይቺ ልጅ እኮ አዝራር መቆለፍ አቅቷት ዓመት ሙሉ ሐኪም ቤት ያመላለስኳት ልጅ ናት» አለች፤ እንባዋ መጣ። «ጣቶቿ አልታዘዝ ብለዋት እኮ ነው...» ወደ ሚስቴ ዞረች። «እትዬ፣ ይቺ እጅ ይሄን ከቻለች ዱቄቱንም ትድፋው!»

ዳይሬክተሯ ከበሩ ጠጋ አለች። «እስቲ... ምኑን ነው ወደ መስኮቱ የምታየው?» አለች። ሚስቴ አንድ ቁራጭ አቀበለቻት። ዳይሬክተሯ አንድ ዓይኗን ጨፈነች፣ እግር ቆረጠች፣ አንዱ ኤሊ ላይ ሰካች። ኤሊው ዘጭ አለ። ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ፤ «አግድም ቆረጥሽው! አግድም ቆረጥሽው!» እሷም ሳቋ መጣ። «በሉ ማዳበሪያ ውስጥ የገባውን ወደ ቦታው መልሱት» አለች፤ «እርስዎም ከነገ ጀምሮ ከሰዓት በኋላ መወልወያውን ትተው ከልጆቹ ጋር ይሁኑ። ለእሱ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ።»

ምን ልበላችሁ። ሠላሳ ዓመት አንድ ጣሪያ ስር ስንኖር ስለ ሥራዋ ስታወራ ሰምቻለሁ፤ ስትሠራ ቆሜ አይቻት ግን አላውቅም ነበር። በስልክ ያልኳት ነገር አንገበገበኝ፤ እንስሶቹን አንድ በአንድ አውጥቼ ወደ ቦታቸው መለስኩ። አንድ ዘግይቶ የመጣ አባት በሩ ላይ ቆሞ ሲያይ ቆየና «እኚህ ሴትዮ ማን ናቸው?» ብሎ ዳይሬክተሯን ጠየቃት። እሷ አፏን ከመክፈቷ በፊት «ሚስቴ ናት!» አልኩት፤ ድምፄ ኮሪደሩ ድረስ ተሰማ።