የአንባቢው ስም

ኅዳር 15 ቀን 1979 ዓ.ም.፣ ሰኞ ጠዋት። ወለተጻድቅ ሀብተማርያም ለአዲስ ገቢ ተማሪዎች ታዘጋጀው የነበረው መምሪያ ጽሕፈት መኪናው ላይ እንደተወጠረ ነበር። መጽሐፍ ከቤተ መጻሕፍቱ እንዴት እንደሚፈለግ ጽፋ ጨርሳለች፤ እንዴት እንደሚመለስ የሚለው ክፍል ግን ከርእሱ አላለፈም። ቅዳሜ ለእሑድ አጥቢያ፣ ኮልፌ በሚገኘው ቤቷ እንደተኛች ልቧ ቆመ። ሃምሳ ዓመት እንኳ አልሞላትም።

በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ረጅም ዘመን ሠርታለች። «መጽሐፍ እግር የለው፣ መምህር ኩራት አለው፤ እንግዲህ የምሄደው እኔ ነኝ» ትል ነበር። አዲስ መጽሐፍ ሲገባ የትኛው ለየትኛው መምህር እንደሚበጅ ለይታ፣ ደረቷ ላይ አቅፋ በየትምህርት ክፍሉ ትዞራለች። አዲስ ተማሪዎችን የመጻሕፍቱ ስም የተጻፈባቸው ካርዶች ከተደረደሩባቸው መሳቢያዎች ፊት አቁማ፣ እያንዳንዱ አንድ መጽሐፍ በገዛ እጁ ፈልጎ ሳያገኝ አትለቅም። መምህራኑ «ሱቅ በደረቴ» የሚል ስም አወጡላት። የሕግ መምህሩ ሀምዱ ገና ከበር ሲያያት፣ «እትዬ ወለተ፣ ዛሬ ባትሪ ድንጋይ የለም?» ይላታል። እሷም «አለ፤ ግን ያለፈውን ለመለሰ ነው» ብላ ታሳፍረዋለች።

አዲስ ለሚቀጠሩ ሠራተኞች ከሁሉ አስቀድማ የምታስተምረው አንድ ደንብ ነበራት። ማን ምን እንዳነበበ ከቤተ መጻሕፍቱ ደጃፍ አይወጣም። የነፍስ አባት የሰማውን ኃጢአት ገበያ ላይ እንደማያወራ ሁሉ፣ የመጽሐፍ ሠራተኛም የአንባቢውን ስም ከንባቡ ጋር አያነሣም።

ይህን ደንብ ራሷ የጣሰችው በ1974 ነው።

ደመቀ ወልደጊዮርጊስ በኢኮኖሚክስ ትምህርት ክፍል ወጣት መምህር ነበር። ከእናቱ ከወይዘሮ ካሳነሽ ጋር እዚያው ኮልፌ፣ ከ18 ማዞሪያ ገባ ብሎ ይኖራል፤ ከወለተጻድቅ ጋር በአንድ ዕድር ናቸው፣ ጠዋት ጠዋትም አንድ አውቶቡስ ይሳፈራሉ። የሚያጠናው የፋብሪካ ሠራተኞችን ኑሮ ነው። ስለ ፖላንድ ሠራተኞች አድማ የሚያወሩ መጽሔቶች ሲመጡ፣ ሳይጠይቃት ቢሮው ድረስ የወሰደችለት እሷ ናት። አንብቦ ሲጨርስ ሌላ ካለ እንድትጨምርለት ለመናት። ያን ቀን እንግዳ አብልታ እንዳጠገበች ሴት ደስ ብሏት ዋለች።

ጥቂት ቆይቶ በሠራተኞች የውይይት ክበብ ላይ ካድሬው ቤተ መጻሕፍቱን ሲሄስ ዋለ። የአቧራ መጋዘን ነው፣ መምህራኑም ደጁን አይረግጡትም አለ። ያን ሁሉ ደረጃ ስትወጣና ስትወርድ ለኖረች ሴት ይህ አልተዋጠላትም። እጇን አወጣችና ተነሣች።

«አንባቢማ አለን» አለች። «የኢኮኖሚክሱ ጓድ ደመቀ ስለ ፖላንድ ሠራተኞች የመጣልንን መጽሔት አንድም ሳያስቀር አንብቧል። እንዲያውም ጨምሩልኝ ብሎናል።»

ፖላንድ ሶሻሊስት አገር ናት፤ ሠራተኛም ሠራተኛ ነው። ካድሬውን ከዚህ የበለጠ የሚያስደስት ነገር ያለ አልመሰላትም፤ አድማው በዚያው በሶሻሊስቱ መንግሥት ላይ የተነሣ መሆኑን ልብ አላለችም። አዳራሹ ጸጥ ሲል እንኳ የተደነቁ መሰላት። ካድሬው በትሕትና አመስግኗት የመምህሩን ስም እንድትደግምለት ጠየቃት። ከነአባቱ ደገመችለት።

በዚያው ሳምንት ደመቀ ተያዘ። ሲለቀቅ ከስቶ፣ ጢሙ አድጎ ነበር። ለትምህርት ወደ ውጭ ሊሄድ የተቆረጠለት ዕድል ለሌላ ሰው ተሰጠ። ምክንያቱ በይፋ አልተነገረም፤ ወለተጻድቅ ግን ነጋሪ አላስፈለጋትም።

እሱ ገና እስር ቤት ሳለ የዕድሩ ሴቶች እናቱን ሊያጽናኑ ሄደው ነበር፤ እሷም አብራ ሄዳ ከጥግ ተቀመጠች። ወይዘሮ ካሳነሽ እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው፣ «ልጄን የጠቆመውን ምላስ አፈር ይብላው» ሲሉ ሴቶቹ ሁሉ አሜን አሉ። ወለተጻድቅም አሜን አለች። ስትወጣ አሮጊቷ አቅፈው ሳሟት፤ «አንቺ እኮ እኅቱ ነሽ» አሏት። ቤቷ እስክትደርስ ጉንጯን በነጠላዋ ስትጠርግ ሄደች።

ከዚያ ወዲያ ደመቀን ፌርማታው ላይ ካየችው ከኪዮስኩ ጀርባ ዞር ብላ፣ አውቶቡሱ እሱን ይዞ እስኪሄድ ትጠብቃለች። በዚህ የተነሣ አርፍዳ እየገባች ትወቀስ ጀመር። በየትምህርት ክፍሉ መዞሯንም ተወች። ሀምዱ፣ ሱቁ ተዘጋ ወይ ብሎ ቢጠይቃት እግሬን አሞኛል አለችው። ደመቀም ቤተ መጻሕፍቱን ዳግመኛ አልረገጠም። ከዓመት ዓመት ከዚያው ከቢጫው ማስታወሻው እንደሚያስተምር ተማሪዎቹ ሲያሙት ሰምታ፣ ምሳዋን ሳትበላ ዋለች።

በሞተችበት ሳምንት፣ ማክሰኞ ወደ ማታ፣ ከሥራ ሲመለሱ አውቶቡሱ ዳገቱ ላይ ተበላሸና ተሳፋሪው ሁሉ ወረደ። ወለተጻድቅ ቀና ስትል ደመቀ ከፊቷ ቆሟል። መሸሸጊያ አልነበረም። ጎን ለጎን ጥቂት ከተጓዙ በኋላ፣ «ስምህን የጠራሁት እኔ ነኝ» አለችው።

«አውቃለሁ፣ እትዬ። እስር ቤት የመረመረኝ ሰውዬ ነው የነገረኝ።»

«ይኸን ሁሉ ዓመት? ታዲያ ምነው አንድ ቀን እንኳ ብትሰድበኝ?»

«ብሰድብዎ ይቀልልዎት ነበር» አለ።

እንባዋ መጣ። እሱም እርምጃውን አላቋረጠም። ወደ ማዞሪያው ሲቃረቡ ግን ሳይዞር መናገር ጀመረ። መጽሐፍ ሳያምረው ቀርቶ እንዳልሆነ፣ ብዙ ጊዜ እስከ በሩ መጥቶ እንደተመለሰ፣ የውሰት ካርድ ላይ ስሙን መጻፍ ሲያስብ እጁ እምቢ እንደሚለው ነገራት። አሁን የሚያስፈልገውን ጠየቀችው። አንድ የስታቲስቲክስ መጽሐፍ ጠራላት፤ ማንም ሰው የማይታሰርበት ደረቅ መጽሐፍ።

ዓርብ ከሥራ ስትወጣ መጽሐፉን በጋዜጣ ጠቅልላ ቤቱ ወሰደችለት። እንዳይቸገር ብላ ቤተ መጻሕፍቱ ዘንድ በሚቀረው የውሰት ካርድ ላይ የራሷን ስም አስቀድማ ጽፋ ነበር። ደመቀ ካርዱን አውጥቶ ብዙ አየው። ከዚያ ብዕር ከኪሱ አወጣና ስሟን ሰረዘው፤ ከሥሩ የራሱን ከነአባቱ ጻፈ። ፊደሎቹ አላማሩም። ይቅር ብዬሻለሁ አላላትም፤ እሷም አልጠየቀችውም።

ወይዘሮ ካሳነሽ ከጓዳ ወጥተው ካልበላሽ አትሄጂም ብለው ያዟት። ለእሳቸው የምትነግራቸው ነገር ነበራት፤ ነገር ግን ዓይኗ ጥጉ ላይ አረፈ። አሜን ስትል የተቀመጠችበት በርጩማ እዚያው ግድግዳው ጥግ ነበር። እቸኩላለሁ ብላ ካርዱን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ እጃቸውን ስማም ወጣች።

ቅዳሜ እስከ ቀትር ሥራ ነበር። ጠዋት ስትገባ ቦርሳዋን ከማስቀመጧ በፊት ወደ ውሰት ክፍል ሄደች፤ የደመቀን ካርድ በፊደል ተራው መሳቢያው ውስጥ አስገባችና መሳቢያውን ዘጋች።