ዝናቡን ያላላሁት ጊዜ

ባለፈው ሳምንት በትምህርት ቤታችን ዕቃ ቤት የከረመ ኮምፒውተር ስከፍት፣ ከጀርባው የሞቀ አቧራ ሽታ ወጣ። ልጆቹ አፍንጫቸውን ያዙ። እኔ ግን ጠጋ ብዬ አሸተትኩት። ነቀምቴ ላይ መጀመሪያ የሠራሁበት ኮምፒውተርም እንዲሁ ነበር የሚሸተው።

የደርግ የመጨረሻ ዓመታት ነበሩ። እኔ ወጣት የሂሳብ መምህር ነበርኩ። በክረምት አዲስ አበባ የፕሮግራም ኮርስ ወስጄ ስመለስ፣ በከተማው ከእኔ ሌላ «ኮምፒውተር አውቃለሁ» የሚል ሰው አልነበረም። ስለዚህ የአካባቢውን የዝናብ መዝገብ ለሚይዘው መሥሪያ ቤት ማሽን ሲመጣለት የተጠራሁት እኔ ነኝ። ማሽኑን ያመጡት ባለሙያ ግን እንዲህ ብለውን ሄዱ፦ «ሐሙስ እመለሳለሁ። የሦስት ዓመቱ ዝናብ ገብቶ ካላየሁ ጭኜው እሄዳለሁ፤ የሚፈልገው ሞልቷል።»

አብራኝ የምትሠራው የመሥሪያ ቤቱ ታይፒስት ነበረች። የዲጋ ልጅ ናት፤ ጣቶቿ ፈጣን፣ ምላሷ ከጣቶቿም የፈጠነ። የፕሮግራሙ ቋንቋ ሁሉን ነገር በ«ክፍል» የሚያደራጅ ስለነበር ከዚያ ጀመርኩላት።

«ክፍል ማለት ባዶ ቅጽ ነው በይው» አልኳት። «አንዴ እናዘጋጀዋለን፤ ቦታ፣ ቀን፣ የዝናብ መጠን። ከዚያ ከወረዳዎቹ ዲጋ አንዱን ይሞላል፣ ጊዳ አያና ሌላውን፣ ኪራሙም የራሱን። ቅጹ ግን ስም ይፈልጋል። ያየው ሰው ሁሉ ውስጡ ምን እንዳለ የሚያውቅበት ስም።»

«ታዲያ ቦካ በለዋ፣ ባርሲሳ!» አለች። በኦሮምኛ ባርሲሳ መምህር ማለት ነው፣ ቦካ ደግሞ ዝናብ።

«በአማርኛ እኮ የሊጥ ነገር ነው።»

«አንተ ሊጥህን አቡካ። መዝገቡን የሚያመጡልን ሰዎች ቦካ ነው የሚሉት።»

እውነቷን ነበር። ማሽኑ የሚያውቀው የፈረንጅ ፊደል ብቻ ስለሆነ ስሙን በዚያ መጻፍ ነበረብን። ክፍሉን የሚያበጀውን ገጽ እኔው ጻፍኩ። ቁጥሮቹን ከመዝገብ ወደ ክፍሉ የሚያስገባውን ደግሞ እኔ በቃል እያልኩላት እሷ መታችው።

ማሽኑ እምቢ አለ። የማያውቀው ስም እንዳለ ብቻ ደጋግሞ ይነግረናል። የኪራሙ መዝጋቢ ዝናብ ባልጣለበት ቀን በዜሮ ፈንታ «የለም» ብለው የመጻፍ ልማድ ነበራቸው። ከቁጥሮቹ መካከል አንድ «የለም» ሾልኮ ገብቶ ነው ብዬ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ቁጥር ስለቅም ዋልኩ። እሳቸውን በልቤ ስንቴ እንደወቀስኳቸው!

ሐሙስ ጠዋት ባለሙያው ደረሱ። ሾፌራቸው የማሽኑን ባዶ ካርቶን በሩ ላይ አስቀመጠ። ታይፒስቷ በዚያች ሰዓት እንኳ ስክሪኑን በጣቷ እየነካች ፊደል በፊደል ታነብ ነበር። ድንገት ሳቀች።

«ወይ ጉድ! ዝናቡን አላላኸው እኮ!»

አየሁት። ፊደላችን የጠበቀውንም የላላውንም በአንድ ምልክት ይጽፋል፤ ማጥበቅ የአንባቢው ፈንታ ነው። እኔም እንደለመድኩት አንድ «ክ» ጽፌ አልፌአለሁ። እሷ ግን ጆሮዋ እንደሰማው ሁለት «ክ» መታለች። ለእኛ አንድ ዝናብ፣ ለማሽኑ ግን ሁለት የማይተዋወቁ ስሞች። ዛሬ ተማሪዎቼ ይህንኑ ቃል በቁቤ፣ በኦሮምኛው የላቲን ፊደል፣ ሲጽፉት መጨረሻው ላይ «አ»ንም ይደግማሉ፤ ለካ እሷም ብትሆን አንድ ፊደል ጎድሏት ነበር።

«የእሷን አጥፋና ጨርስ» አሉ ባለሙያው ሰዓታቸውን እያዩ። «ክፍሉን ያበጀኸው አንተ አይደለህ?»

«የተሳሳትኩትም እኔ ነኝ» አልኩና የጎደለችውን «ክ» በራሴ ገጽ ላይ ጨመርኩ። ያቺን ቁልፍ ስጫን የተሰማኝ ኩራት እስካሁን ከእኔ ጋር ነው።

አረንጓዴ ቁጥሮች ከታች ወደ ላይ መውጣት ጀመሩ። ዲጋ። ጊዳ አያና። ኪራሙ። ባለሙያው ጎንበስ ብለው ጥቂት ካዩ በኋላ ሾፌሩን «ካርቶኑን መልሰው» አሉት። እኔም ደረቴን ነፍቼ ስለ ክፍልና ስለ ስም አወጣጥ ላስረዳ አፌን ከፈትኩ።

ታይፒስቷ ግን ጣቷን የዲጋ ግንቦት ላይ አሳርፋ ቆማ ነበር።

«ሠላሳ ስምንት ነጥብ አራት» ብላ አነበበች። «የሠርጌ ቀን ነው። ዳሱ የፈረሰ ጊዜ። ስመታው እንዴት አላየሁትም?»

ባለሙያው ሳቁ። «ይሄስ ዳስ ያፈርሳል!»

እኔ አልሳቅኩም። ባሏ ከሠርጉ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ወደ ሰሜን ዘምቶ፣ ደብዳቤው ከተቋረጠ ሁለተኛው ክረምት ማለፉን ነቀምቴ ያለን ሁሉ እናውቅ ነበር።

«ሸራውን በሁለት እጁ ይዞልኝ ነበር» አለች፣ ለማናችንም ሳይሆን። «እስኪያባራ።»

ባለሙያው ሥራው አልቋልና ማሽኑን እንዳጠፋ በእጃቸው ምልክት ሰጡኝ።

«ትንሽ ይቆይ» አልኳቸው።