የተጣፈው ድዴ

አንኮበር ከቤቴ በላይ፣ መንገዱ ዳር አንዲት ጠፍጣፋ ድንጋይ አለች። ሥራ የፈታ ሽማግሌ ሁሉ ተቀምጦባት ፀሐይ እየሞቀ ወሬ ያወራል፤ ሰፈሩም «ድድ ማስጫ» ይላታል። እኔም ከደንበኞቿ አንዱ ነኝ። ታዲያ ከታች ፊት ለፊት ያሉት ሁለት ጥርሶቼ እንደ ፈረስ ጥርስ እየረዘሙ ሲመጡ፣ ባለቤቴ ምክንያቱን ለማወቅ ሐኪም አላስፈለጋትም።

«ድድህ ደርቆ ነዋ! ስታሰጣው እየዋልክ!»

እሷ ትናገር፣ ያምርባታል። በልጅነቷ የተነቀሰችው ድዷ ያን ሁሉ መርፌ ችሎ ዛሬም ከቦታው ንቅንቅ አላለም። የኔው አንድም ቀን መርፌ ሳያይ ሸሸ። ጀግና!

መሳቁንስ እስቃለሁ እንጂ ፈርቼ ነበር። ለፋሲካ አጥንት የምግጠው በነዚያ ሁለት ጥርሶች ነው። እነሱ ከወለቁ በዓሉ ለኔ መረቅ ብቻ ሊሆን ነው። ስለዚህ የጾሙ መግቢያ ላይ በሚኒባስ ደብረ ብርሃን ሄድኩ።

የጥርስ ሐኪሟ ልጅ እግር ናት። አፌን አይታ፣ «አባባ፣ ጥርስዎን በምን ያጸዳሉ?» አለችኝ።

ደረቴን ነፋሁ። «በወይራ መፋቂያ ነዋ፣ ልጄ! ጠዋት ማታ፣ ደም እስኪወጣ።»

«እሱ ነዋ ያባረረው።»

ለካ ዕድሜዬን ሙሉ በእንጨት ሳሳድደው የኖርኩትን ድድ ነው፣ ሸሸብኝ ብዬ ልከስ የመጣሁት።

ምርጫ ሰጠችኝ። አንዱ፣ አጠገቡ ያለውን ድድ እንደ ብርድ ልብስ ስቦ ማልበስ ነው። «የእርስዎ ግን ስስ ነው፤ ብስበው ይቀደዳል» አለች። ሌላው፣ ከላንቃ ስስ ሥጋ ቆርጦ መጣፍ።

«ብተወውስ?»

«ራሱ ተመልሶ አያድግም። ሥሩ እየተገለጠ ሄዶ ጥርሶቹን ሊያጧቸው ይችላሉ።»

«እንግዲያው ከባለቤቴ ይወሰድልኝ። የሷ ጠንካራ ነው።»

ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። «ከራስዎ ነው የሚሆነው፣ አባባ።»

ይሁን። የሱሪዬን ጉልበት ከራሱ ኪስ ቀድጄ ጥፌ አውቃለሁ።

በማደንዘዣ ወጋችኝ፤ ጀግናው ድዴም በመጨረሻ መርፌ አየ። ቆረጠች፣ ሰፋች። ከዚያ ትእዛዙ መጣ፤ ለስላሳ ምግብ ብቻ፣ መፋቂያ እንዳይነካው፣ ብዙም እንዳላወራ። ሽሮውንስ ጾሙ ቀድሞ አዞልኛል። ዝምታው ግን ለኔ ጾም፣ ለባለቤቴ ፋሲካ ሆነ። ድድ ማስጫዋ ላይ ተቀምጬ የሰው ውሸት ሳላርም መዋል ምን ያህል እንደሚከብድ የደረሰበት ያውቀዋል።

ስፌቱ ሲወጣ ሐኪሟ «ይዟል» አለች። እኔ ግን እስከ ፋሲካ አላመንኳትም።

በዕለቱ አጥንቱን በሁለት እጄ ይዤ፣ እንደ ሌባ ቀስ ብዬ ጋጥሁ። ጥርሶቼ አልከዱኝም። ባለቤቴ መጥታ ከንፈሬን ገለበችና ጥቁር ድዴ ላይ የተለጠፈውን ነጣ ያለ ቁራጭ አየች።

«ውይ! ጨርቁን ከቀለሙ ሳታመሳስል ነው እንዴ የጣፈችህ? ና ልንቀስህ፣ ይመሳሰላል።»

«ተይ አንቺ፣ መርፌ አታንሺበት» አልኳት። «አንዴ የሸሸ ነው።»

አጥንቱንም ወደ አፌ መለስሁ።