የስብሰባው ምሳ

ትናንት በዓሳ ጠባሾች ማኅበራችን ስብሰባ ላይ አንዷ ተነሥታ፣ "መኪና ላይ ሞንታርቦ ጭነን እናስለፍፍ! ድልድዩ ሥር መጥበስ የጀመሩት ልጆች ንጽሕና እንደሌላቸው ሕዝቡ ይስማ፤ ማዘጋጃ ቤትም ያስነሣልን" አለች። ቤቱ አጨበጨበላት። እኔ ግን ሞንታርቦ ስትል የድሮ ባልንጀራዬ አጁሉ ትዝ አለችኝ።

ያኔ ወጣት ነበርኩ። ባሮ ዳር፣ ከማንጎው ጥላ ሥር፣ እሷ የአኙዋ ልጅ፣ እኔ የሠፋሪ ልጅ፣ ጎን ለጎን ዓሳ እንጠብስ ነበር። እናቴና ታናናሾቼ የሚበሉት ከዚያች መጥበሻ ነው። ማንጎው ሲበስል ዘይቱ ውስጥ ቷ ብሎ ይወድቅና ሁለታችንንም ያዘልለናል። አይ፣ እንዴት እንስቅ እንደነበር!

ታዲያ ሰው እኛ ጋ መብላት ሲያበዛ የከተማው ምግብ ቤቶች ገበያ ቀዘቀዘባቸው። ባለቤቶቹ ማኅበር አቋቋሙና ከሹሞቹ ቢሮ አልጠፋ አሉ። ሞንታርቦም ተከራይተው "የወንዝ ዳር ዓሳ በሽታ ነው!" እያሉ ከተማውን አዳረሱ። ጉድ እኮ ነው፤ ብዙም ሳይቆይ የገዛ ጎረቤቴ አፍንጫዋን ይዛ አለፈችኝ። ምክር ቤቱም እኛን ለማስነሣት ስብሰባ ጠራ።

በኛ ከተማ ያለ ምሳ ስብሰባ የለም። የዚያን ቀኑን ምሳ የሚያቀርቡት እነዚያው ባለቤቶች ነበሩ። በዋዜማው መብራት ጠፋና ፍሪጅ ያስገቡት ዓሳ ተበላሸ። ጠዋት ወጥ ሠሪያቸው እያለከለከች መጣች።

"በእናታችሁ፣ ያላችሁን ሁሉ ጥበሱልኝ! ለማንም እንዳትናገሩ!"

እምቢ ልል ስል አጁሉ ጠቀሰችኝ።

"ጥበሺ። ሚጥሚጣ ጨምሪ።"

ከምሳ በኋላ አዳራሽ ገባን። ሹሞቹ ገና ጣታቸውን ይልሳሉ። አጁሉ ብድግ አለች።

"ምሳ ጥሩ ነበር?"

"በጣም እንጂ!" አሉ ሰብሳቢው።

"እሺ። እኛ ነው የጠበስነው። አሁን አስነሡን።"

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ውሳኔው ለሌላ ጊዜ ተላለፈ፤ እስከ ዛሬም እንደተላለፈ ነው። የኛ ማኅበርም የተመሠረተው ከዚያ በኋላ ነው።

አጁሉ ካረፈች ቆየች። ዛሬም ማንጎ በወደቀ ቁጥር ወደ ጎኔ ዞር እላለሁ፤ በጣም ትናፍቀኛለች። ለካ ሰውን ሞንታርቦ የሚያስጠላው በእሱ ላይ ሲጮኽ ብቻ ኖሯል።

ትናንት እጄን አወጣሁና፣ "ሞንታርቦ ከመከራየታችን በፊት ምሳችንን ከድልድዩ ሥር ልጆች ገዝተን እንቅመስ" አልኩ።

ሐሳቡን ያመጣችው ሴት ቀስ ብላ፣ "ቢጥመንስ?" አለች።

"ከጣመንማ፣ መጥተው ከጎናችን ይጥበሱ።"