ሁለቱ ጦሳዎች

ሥራ የጀመርኩ ቀን መጀመሪያ የታዘዝኩት ጫማዬን እንዳወልቅ ነው። ሚሊኒየሙ ከተከበረ በኋላ ባለው ዓመት ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ የግል የክር ፋብሪካ የሰርቨር ክፍል ረዳት ሆኜ ተቀጠርኩ። ሰርቨር የሚባለው የፋብሪካው ኮምፒዩተሮች ሁሉ የሚገናኙበት ዋናው ማሽን ነው፤ አቧራ አይወድም። በሩ ላይ ጫማ ተደርድሮ አየሁና "መስጊድ ነው እንዴ?" አልኩ።

የክፍሉ ኃላፊ አቶ ግርማ ሳቀ። "እትዬ ሰዓዳ፣ እዚህም የሚሰገድለት አለ። ይግቡ።"

"እኔ የምሰግደው ለአንድ አላህ ነው። ለማሽንዎ ግን አቧራውን እጠርግለታለሁ" አልኩት። በዚህ ተግባብተን ሥራ ጀመርን።

ትምህርቴ በማታ የተማርኩት ስምንተኛ ክፍል ነው። ቤቴ ደሴ ስለነበር በየጠዋቱ ከሰኞ ገበያ አጠገብ ሚኒባስ ተሳፍሬ የሐረጎን ቁልቁለት እወርዳለሁ። ሥራዬ የክፍሉን ቅዝቃዜ መቆጣጠር፣ የመጠባበቂያ ቅጂ የሚቀዳበትን ካሴት መቀየርና የማሽኖቹን መብራት ማየት ነበር። አረንጓዴ ከሆነ ደህና ነው፤ ቀይ ከሆነ አቶ ግርማን እጠራለሁ። ይህን ሥራ ቀላል ነው የሚል ሰው ቀኑን ሙሉ አረንጓዴ መብራት ሲያይ ውሎ ይሞክረው።

ሰርቨሮቹ ስም ነበራቸው። አቶ ግርማ የደሴ ልጅ ነውና ትልቁን በተራራችን ስም ጦሳ ብሎ ሰይሞታል። የፋብሪካው የምርት መዝገብ፣ የመጋዘኑ ሚዛን፣ ለጭነት መኪኖች የሚሰጠው የመውጫ ወረቀት ሁሉ በጦሳ በኩል ነው የሚያልፈው። ጦሳ ከቆመ በሩ ላይ ያለ መኪናም ይቆማል።

ከጥቂት ዓመት በኋላ ፋብሪካው ሰርቨሮችን የሚያስተዳድር ፕሮግራም ሊያስገባ ወሰነ። አንድ ወንበር ላይ ተቀምጦ ማሽኖቹን ማስነሣት፣ ማጥፋትና ሕመማቸውን ማወቅ ያስችላል ተባለ። አቶ ግርማ በዋናው ጦሳ ላይ ከመጫኑ በፊት ልሞክረው አለ። ለዚህም ኢሙሌተር የሚባል ነገር በላፕቶፑ ላይ ጫነ።

ኢሙሌተርን እኔ የማስረዳው እንዲህ ነው። በኮምፒዩተር ውስጥ በፕሮግራም ብቻ የተሠራ ሌላ ኮምፒዩተር ነው። ብረትም ገመድም የለውም፤ ግን ይነሣል፣ ይሠራል፣ ይታመማል። ብታበላሹት ቀድሞ ወደተቀመጠው ቅጂው ትመልሱታላችሁ። መጀመሪያ ሳየው በልቤ ቢስሚላህ ብያለሁ።

ሙከራውን የምንሠራው እኔና ትርንጎ ነበርን። ትርንጎ ከደሴ ዙሪያ የመጣች፣ በኮምፒዩተር ዲፕሎማ ያላት ልጅ ናት። ያኔ ገና በሙከራ ቅጥር ላይ ነበረች። እሷ ትእዛዙን ትሰጣለች፤ እኔ የሆነውን አይቼ እናገራለሁ። "አጠፋሁት።" "ጠፍቷል።" "አስነሣሁት።" "አልተነሣም፤ ቀይ ነው።" እንዲህ እየተባባልን ብዙ ጉድለት አገኘን።

አቶ ግርማ በላፕቶፑ ውስጥ ያለውንም ማሽን ጦሳ ብሎት ነበር። ፕሮግራሙ ማሽኖችን የሚያውቀው በስም ነው፤ ስሙ ከተለወጠ ሙከራው እንደ ዋናው አይሆንም አለን።

"ሞክሼ ናቸዋ" አልኩት።

"ሞክሼ ናቸው። ይከባበራሉ" አለኝ። ሦስታችንም ሳቅን፤ የሰጠን ምክንያትም ትክክል ስለመሰለኝ አልተከራከርኩትም።

በመጨረሻ ፕሮግራሙ ዋናውን ጦሳም እንዲያይ ተደረገ። ከዚያ በኋላ ስክሪኑ ላይ ሁለት ጦሳ ተጻፈ። ፕሮግራሙ የሚደረድራቸው በተነሡበት ቅደም ተከተል ነው። ዋናው ፈጽሞ ስለማይጠፋ ሁልጊዜ ከላይ ነው፤ ሞክሼው በየጊዜው ስለምናስነሣው ከታች። እያደር ስም መጥራቱንም ተውነው። "ታችኛውን አጥፊው" እንባባላለን።

አንድ ቀን ጠዋት መብራት ሄደ። የሰርቨሩ ባትሪ ደክሞ ስለነበር ጄኔሬተሩ እስኪነሣ አልጠበቀም፤ ዋናው ጦሳ ጠፋ። ላፕቶፑ ግን በራሱ ባትሪ ሠርቶ ቆየ። መብራቱ ሲመጣ ዋናውን አስነሥተን ሁሉም ወደ ሥራው ገባ። እኔ ካሴት ልቀይር ውስጥ ነበርኩ። አቶ ግርማ በሩ ላይ ቆሞ "ትርንጎ፣ ሙከራውን ቀጥይ፤ ታችኛውን አጥፊው" አላት።

ትርንጎ ታችኛውን አጠፋች። ዘግይቶ የተነሣው ዋናው ነበርና፣ ታች የወረደው እሱ ነበር።

ከፊቴ ያለው የዋናው ጦሳ መብራት ሲጠፋ አየሁ። ጦሳ በሥራ መሐል ስለጠፋ መዝገቡ ተጎድቶ እስኪጠገን ብዙ ቆየ። ወደ ደረቅ ወደብ የሚሄዱ የጫኑ መኪኖች በር ላይ ተሰለፉ። አንዱ ሹፌር "ኮምፒዩተራችሁ ጫት ላይ ነው እንዴ?" እያለ በመስኮት ይጮኻል።

ከሰዓት በኋላ ሥራ አስኪያጁ ጠራን። አቶ ግርማ "ልጅቷ ሳታይ ነው ቁልፉን የተጫነችው" አለ። ሥራ አስኪያጁም ነገሩን አላራዘመም። "በሙከራ ቅጥር ላይ ናት አይደል? ትሰናበት።"

ትርንጎ ወለሉን ታያለች። በእንዲህ ያለ ጥፋት የተባረረን ሰው በኮምቦልቻ ሌላ ፋብሪካ አይቀጥረውም፤ ኃላፊዎቹ እርስ በርስ ይተዋወቃሉ።

አቶ ግርማን ሁልጊዜ እርስዎ እለው ነበር። ያን ቀን ግን ወደ እሱ ዞርኩና "ግርማ፣ ታችኛውን አጥፊው ያልካት አንተ አይደለህም?" አልኩት።

"እትዬ ሰዓዳ፣ ታችኛው ስል የመሞከሪያውን ማለቴ ነው።"

"ታዲያ የመሞከሪያው የትኛው እንደሆነ በምን ትወቅ?"

ሥራ አስኪያጁ "ፕሮግራሙ ሌላ መለያ አያሳይም?" አለ። አቶ ግርማ "ሊጨመርበት ነው፤ እስካሁን አልገባም" ብሎ መለሰ።

"ጌታዬ፣" አልኩ፣ "የሙከራው ላፕቶፕ፣ ብናበላሸው ወደነበረበት የሚመለስ ማሽን መሥራት ይችላል። ሁለት ጦሳ ይሥራልን። ትርንጎ ለብቻዋ እንደፈለገች ታስነሣቸው። እኛ ደግሞ በየተራ ተቀምጠን የመሞከሪያውን እናጥፋ። የሚያውቅ ካለ ልጅቷን ያሰናብታት።"

"እርስዎም ይቀመጣሉ?"

"ወላሂ መጀመሪያ የምቀመጠው እኔ ነኝ።"

ላፕቶፑ መጥቶ ሁለት ማሽኖች ተሠሩበት፤ አንዱ ዋና፣ አንዱ መሞከሪያ ተባለ፤ የሁለቱም ስም ጦሳ። ትርንጎ ለብቻዋ አስነሣቻቸው። ተቀመጥኩ። ሁለት ጦሳ አየሁ፤ አንዱን ነካሁ። "ዋናውን አጠፉት፣ እትዬ" አለች ትርንጎ፣ በቀስታ።

ሥራ አስኪያጁ ተቀመጠ። አሰበ፤ ነካ። "ትክክል ነው" አለች። እሱም "ይኸው! ይቻላል ማለት ነው" አለኝ።

"በምን አወቁት?"

"ገመትኩ።"

"ግምት ከሆነ ይድገሙት።"

ትርንጎ እንደገና ለብቻዋ አስነሣች። በሁለተኛው ሙከራ ሥራ አስኪያጁ ዋናውን አጠፋ። ከወንበሩ ተነሥቶ ለአቶ ግርማ ለቀቀለት።

አቶ ግርማ ተቀምጦ ስክሪኑን ሲያይ ቆየ። እጁን ማውሱ ላይ አደረገ፤ መልሶ አነሣው። "አይታወቅም" አለ። "ስሙን ያወጣሁትም፣ ትእዛዙን የሰጠሁትም እኔ ነኝ። ሳታይ ነው ያልኩት ትክክል አይደለም።"

ሥራ አስኪያጁ ወዲያው ወደ እሱ ዞረ። "እንግዲያው የሚቀጣው አንተ ነህ።"

"እሱም አይደለም" አልኩ።

"እትዬ ሰዓዳ፣ ታዲያ ማን ይቀጣ?"

"በእኛ ሰፈር ሁለት ሰዓዳ ነን። ስንገናኝ ሞክሼ እንባባላለን። ለሐዘን የሚጠራን ሰው ግን ሰዓዳ ሙሐመድ፣ ሰዓዳ ይመር ብሎ ይለየናል፤ አለዚያ የአንዷ መርዶ ለሌላዋ ይነገራል። አቶ ግርማ የሞክሼ ስም አውጥቶ የአባት ስም ረሳ። ስሙ ይቀየር፤ ሰው አይባረር።"

ሥራ አስኪያጁ አላመነበትም። "ማስጠንቀቂያ ይጻፍበታል" አለ፤ በአቶ ግርማ ላይም ተጻፈ። በትርንጎ ላይ ግን አልተጻፈም፤ አልተሰናበተችምም። አቶ ግርማ ለጥቂት ሳምንት ከሥራ ጉዳይ በቀር አላነጋገረኝም። እኔም እንደ ድሮው "እርስዎ" ወደማለት ተመለስኩ።

የመሞከሪያው ማሽን ስም በማግስቱ "ልምምድ" ተባለ፤ የሚታይበትም ገጽ ብርቱካናማ ተደረገ። "ታችኛው"፣ "ላይኛው" ማለትም በክፍሉ ተከለከለ። አንድ ቀን አቶ ግርማ ራሱ አምልጦት "ታችኛውን" ሲል ትርንጎ "ታችኛው ስሙ ማን ነው?" ብላ አስቆመችው። ያን ጊዜ ቋሚ ተቀጣሪ ሆና ነበር።

ከእኔ በኋላ ለምትገቡ የምለው ይህ ነው። የመሞከሪያ ማሽን በዋናው ስም አይጠራ። ትእዛዝም በስም ይሰጥ፤ በቦታ አይሰጥ። ሰው ሲሳሳት ደግሞ ፈራጁ አስቀድሞ በዚያው ወንበር ተቀምጦ ያንኑ ሥራ ይሥራ።