ዝም ተብሎ የሚለቀም እንጉዳይ

«ሰላምታ መለስህ ወይስ አልመለስህም? የጠየቅሁህ ይህን ብቻ ነው» አሉ አክስቴ ለሦስተኛ ጊዜ።

መልሻለሁ አልኩ። ድልድዩ ላይ ጣልያን ያስታጠቀው ባንዳ ቆሞ እንዴት አደርህ ሲለኝ ምን ላድርግ? ዝም ብል ሽፍታ ነህ ብሎ ያስረኝ ነበር።

«እንግዲያው መድኃኒቱ ሞቷል።»

መድኃኒቱ በመካከላችን፣ በስባሪ ቅል ውስጥ ነበር። ከሮብ ገበያ በላይ ባለው መስክ ክረምቱ ሲወጣ እንደ እንቁላል ጉብ ጉብ የሚል እንጉዳይ አለ። በአገራችን እንጉዳይ ሁሉ የጅብ ጥላ ይባላል፤ ይኸኛው ግን ጥላም እግርም የለው። ለጋ ሳለ ነጭ ነው፤ ሲደርቅ በጣት ቢነኩት ቡናማ ብናኝ ይተፋል። ብናኙ ቁስል ላይ ሲነሰነስ ደም ያቆማል፣ እዥ ያደርቃል። ለቃሚው ግን ከቤት ወጥቶ እስኪመለስ ቃል መተንፈስ የለበትም። ባለመድኃኒቷ የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው፤ ጉልበታቸው ስለደከመ እኔን ላኩኝ።

አባቴ መደቡ ላይ ተጋድመዋል። ከሦስት ቀን በፊት ግንድ ሲፈልጡ መጥረቢያው አምልጦ እግራቸውን ሰነጠቀው፤ አሁን ማበጥ ጀምሯል። ደብረ ማርቆስ የጣልያን ሐኪም ነበር፤ ዳሩ ግን በዚያ ዘመን ቆስሎ ከገጠር የገባ ወንድ ሁሉ የት እንደተዋጋ ይጠየቃል። መጥረቢያ ነው ብንል ማን ያምነናል?

የሚያደርቀው ብናኙ እንጂ የእኔ አፍ አይደለም ብዬ ተከራከርኩ። ጣልያን ከወጣ በኋላ አንድ ቁስል የሚያጥብ የሐኪም ቤት ድሬሰር እውነትህን ነው አለኝ፤ ብናኙ እርጥበት ይመጥጣል። ነገር ግን ከሜዳ የመጣ አቧራ ሌላ በሽታ ያስገባልና እኛ በፈላ ውኃ አጥበን በንጹሕ ፋሻ ነው የምናስር አለ። ያን ቀን ከመካከላችን ይህን የሚያውቅ አልነበረም።

አክስቴ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። የምጭረውን ግጥም የሚሰሙኝ እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ ሌላው ሁሉ ሥራ ፈት ይለኛል።

«አንድ ማለዳ አፍህን መግታት አቃተህ» አሉ ቀስ ብለው። «እኔ ስንቱን ቀን ቁጭ ብዬ ሰምቼልህ።»

ነገ ራሳቸው እየተንፏቀቁም ቢሆን ሄደው እንደሚለቅሙ ተናገሩ። አባቴ ነገን የሚጠብቅ እግር የለኝም አሉ። ከዚያም ጋቢውን ገልጠው እግራቸውን ወደ እኔ ገፉት።

«አንተ ነስንስ።»

አክስቴን አየሁ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ። ብናኙን በሁለት ጣቴ ቆንጥሬ ስነሰንስ ግማሹ መደቡ ላይ ቀረ። አባቴ ጥርሳቸውን ነከሱ። እግሩ ኋላ ድኗል፤ እያነከሱም ቢሆን አርሰውበታል። እኔ ግን የማስታውሰው ከጀርባዬ የሰማሁትን የአክስቴን ነጠላ መንኮሻኮሽ ነው።

«እትዬ፣ ትንሽ ይቀመጡ» አልኳቸው።

ዘንጋቸውን አነሡና ወጡ። የሳንቃው በር ከኋላቸው ተዘጋ።